ራሱ ከፍቶ ራሱ የሚዘጋ ኮንቴነር

በዚህ ዓለም ላይ ከመክፈትና ከመዝጋት የከበደ ሥራ የለም። አትሳቁ። እስቲ አፉን በሰዓቱ ከፍቶ በሰዓቱ የሚዘጋ ሰው ስንት አይታችኋል? ስብሰባ መክፈትስ ማንም ይከፍታል፤ የሚዘጋው ግን ሰብሳቢው ሳይሆን ረሃብ ነው። ጃንጥላ እንኳ ዝናቡ ሲመጣ አልከፈት ብሎ ያዋርዳችሁና፣ ዝናቡ ሲያባራ አልዘጋ ብሎ ባጃጅ ውስጥ የሰው ዓይን ያጠፋል። የኛ አገር መንገድም ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ያውም ማንም መርሐ ግብር ሳያወጣለት። እኔ የተወለድኩት አንገር ጉቲን ነው። አሁን ከምኖርበት ከነቀምቴ እናቴ ጋ ስደውል ከ«እንዴት ናችሁ» በፊት የምለው «መንገዱ ክፍት ነው?» ነው። እሷም ከ«ደኅና ነን» በፊት «የዛሬን ክፍት ነው፣ ለነገ እንጃ» ትለኛለች። ሰላምታችን ይኸው ነው።

እኔ ደግሞ ከተፈጠርኩ ጀምሮ አንድ ቦታ አርፌ ተቀምጬ አላውቅም። ቤቴን ቆልፌ እወጣና ጥግ ላይ ስደርስ «ቆልፌያለሁ ወይ?» ብዬ እመለሳለሁ። ቁልፉን ስጎትተው ተቆልፏል። እንደገና ሄጄ ጥግ ላይ ስደርስ ደግሞ «ስጎትተው ከፈትኩት ይሆን?» እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ለምሳ የወጣሁ ሰው እዚያው ጥግና በሬ መካከል ስመላለስ የምሳ ሰዓቱ ያልቃል። እናቴ «ደጅህን ሳትዘጋ ሰውን ሌባ አትበል» እያለች ስላሳደገችኝ ነው እላለሁ። እሷ ግን «እኔ ዝጋ አልኩህ እንጂ እበድ አልኩህ?» ትላለች።

እግዜር ታዲያ ሲፈርድብኝ እንጀራዬንም መክፈትና መዝጋት ላይ አደረገው።

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሠፈር ውስጥ፣ ከአንድ ቀለምና ቆርቆሮ መሸጫ በላይ ባለች ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን ለትምህርት ቤቶችና ለማኅበራት የኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራለን። ፕሮግራሙ የሚኖረው ግን ቢሯችን ውስጥ አይደለም። ባሕር ማዶ፣ ዓይተናቸው በማናውቃቸው የኪራይ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። የሙያው ሰዎች ይሄን «ክላውድ» ይሉታል፤ ደመና ማለት ነው። ፕሮግራሙን በትናንሹ እንከፋፍልና እያንዳንዱን ቁራጭ ስንቁን አሟልተን በአንድ ሣጥን ውስጥ እንከተዋለን። ያ ሣጥን ኮንቴነር ይባላል። ሣጥን ስላችሁም የምትዳስሱት ነገር አይደለም፣ ያው በወሬ ያለ ሣጥን ነው። ብዙ ኮንቴነሮች ባንድ ላይ ሲተዳደሩ ደግሞ ክላስተር ይባላሉ። በቃ፣ ትምህርቱ አለቀ። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ካለ ደመወዙም ከኔ በላይ ነው።

ይሄን ስም ያወጣውን ሰውዬ ግን አንድ ቀን ባገኘው የምጠይቀው አለኝ። አንተ ሰውዬ፣ ስም ጠፍቶብህ ነው ኮንቴነር ያልከው? ነቀምቴ ውስጥ ኮንቴነር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን የለም። ኮንቴነር ማለት መንገድ ዳር የቆመ የብረት ሱቅ ነው፤ የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት፣ ፀጉር የሚቆረጥበት፣ ሁለት ጓደኛሞች ሊነግዱ ከፍተው የሚጣሉበት። ክላስተርም ቢሆን ባለቤት አለው፣ የገበሬ ነው። መሬታቸው የተያያዘ ገበሬዎች ባንድ ላይ በቆሎ ሲዘሩ ክላስተር ይባላል፤ ወለጋ ውስጥ ይህን የማያውቅ ገበሬ ካለ ስብሰባ ቀርቶ ነው። ደመና የማን እንደሆነማ አልነግራችሁም። ሦስቱንም ቃል ከኛው ወስደው ሌላ ነገር አደረጓቸውና መልሰው ለኔ ሰጡኝ። መዘዙንም እኔው ላይ ጣሉት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የደመናው ኪራይ በሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ሰው ተጠቀመበት አልተጠቀመበት ግድ የለውም። ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ለቅሶ ቤት እንደመግባት ነው፤ እናንተ ውስጥ ታለቅሳላችሁ፣ ባጃጁ ደጅ ቆሞ ይቆጥራል። አለቃችን አዴ ጫልቱ ደግሞ ሰው የተቀመጠበት ክፍል ገብተው መብራት የሚያጠፉ ሴት ናቸው። እናም አንድ ቀን ሰበሰቡንና፣ አዲስ ሥራ የምንሞክርበት ክላስተር ማታ ማንም ሳይነካው ሲቆጥር የሚያድረው ለምንድነው አሉ። ማታ ይዘጋ፣ ጠዋት ይከፈት፣ ቅዳሜና እሑድ ጨርሶ አይከፈት ብለው ወሰኑ። ማን ይዝጋ ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። በሩን ሦስቴ የሚፈትሽ ሰው ባለበት ቢሮ ሌላ ማን ሊመረጥ ነው?

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ኑሮ አልነበረም። ጠዋት እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ። ከዘጋሁ በኋላ ጥግ ላይ ስደርስ «ዘግቻለሁ ወይ?» እላለሁ። የዚህኛው በር ቁልፍ ደግሞ አይጎተትም! ኮምፒውተር መክፈት አለብኝ፣ ኔትወርክ መኖር አለበት፣ መብራት መኖር አለበት። መብራት ሲኖር ኔትወርክ ይጠፋል፣ ኔትወርክ ሲመጣ ስልኬ ባትሪ ይጨርሳል። ክርስትና ቤት ገብቼ ድግሱ መሀል ተነሥቼ ሄጃለሁ። ቅዳሴ ላይ ሁሉም ሲሰግድ እኔ የዘጋሁ መስሎኝ ያልዘጋሁትን አስቤያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከሁሉ የከፋው ለሊሴ ፊት የሆነው ነው። ለሊሴ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናት፣ የአርጆ ልጅ፣ ላገባት የምፈልጋት ሴት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልደፈርኩትን ወሬ፣ ሽማግሌ ልላክ የሚለውን ወሬ፣ አንድ ቀን ምሳ ጋብዣት ጀመርኩት። «ለሊሴ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ ብዬ ነው» አልኩ። እሷም እጇን ከምግቡ ላይ አንሥታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔም አፌን ከፈትኩና «ቆይ፣ ትናንት ዘግቻለሁ እንዴ?» አልኩ። ልጅቷ ምን ትበል? ወይ ኮንቴነሮችህ ራሳቸው እንዲዘጉ አድርግ፣ ወይ እነሱኑ አግባ ብላኝ እጇን ልትታጠብ ተነሣች። የሒሳብ መምህር ሲቆጣ እንኳ ምርጫ አስቀምጦ ነው።

እኔም ቁጭ ብዬ መርሐ ግብር ጻፍኩ። በዚህ ሰዓት ክፈት፣ በዚህ ሰዓት ዝጋ፣ ቅዳሜና እሑድ አትክፈት። እዚህ ላይ «አሃ፣ የፈረንጅና የአበሻ ሰዓት አምታቶ ነው ጉድ የሚሆነው» ብላችሁ የቋመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የለም! ማሽኑ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እንደሚጀምር ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ እኔ እንደዚያ ባለ ተራ ነገር አልሳሳትም። የኔ ስሕተት ከዚያ የረቀቀ ነው።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ራሴን ስለማላምን ጠባቂ ጨመርኩበት። ጠባቂው ያው ትንሽ ፕሮግራም ነው። በየጥቂት ሰከንዱ ግቢውን ይዞራል፤ ያለሰዓቱ ተከፍቶ ያገኘውን ሁሉ ማን ከፈተው ሳይል ይዘጋል። ዘግቶም ዝም አይልም፣ ለአዴ ጫልቱ ስልክ «ተከፍቶ አገኘሁ፣ ዘግቻለሁ» የሚል መልእክት ይልካል። ጠባቂውን ማስቆም የሚቻለው በሳቸው ፈቃድ ብቻ ነው። እሳቸው ይሄን ሲሰሙ በጣም ደስ ከማለታቸው የተነሣ የቢሮውን መብራት ሳያጠፉ ወጡ።

ሠራ! እንደ ሰዓቱ ይከፈታል፣ እንደ ሰዓቱ ይዘጋል። እኔ ነጻ ወጣሁ። ነጻ የወጣ ሰው ምን ያደርጋል? ይቁነጠነጣል። ማታ ማታ ኮምፒውተሬን ከፍቼ አያለሁ፣ ተዘግቷል። ጠዋት አያለሁ፣ ተከፍቷል። ምንም የሚሠራ ነገር የለኝም። ሥራ ማጣት እንዲህ የሚያሳክክ ነገር መሆኑን ማን ነግሮኝ? በዚሁ ማሳከክ ተነሥቼ ወደ ለሊሴ ሄድኩና ወሬውን ሳላቋርጥ እስከመጨረሻው ተናገርኩ። እሺ አለች። አባቴን ግን እወቅበት አለች።

በዚያው ሰሞን መንገዱም ተከፈተ። አጎቴ እንድሪስ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ከአንገር ጉቲን መጣ። እሱ እስላም ነው፣ አባቴ ክርስቲያን፣ አንድ እናት ወልዳቸው፤ የወሎ ነገር ነው፣ አትጨነቁበት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሳቢያ በሠፈራ ሲመጡ አጎቴ ጎረምሳ ነበር። ዛሬ ኦሮምኛውን ከባለቤቱ በላይ ያሳምረዋል፣ አማርኛውን ግን አሁንም ከወሎ እንዳመጣው ነው የያዘው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ በሬ የሰው እህል ውስጥ ሲገባ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ከሁለቱም ወገን የሚጠራው እሱ ነው። በሽምግልና ገብቶ ባዶ እጁን የወጣበት ቤት የለም።

አርጆ፣ ለሊሴ አባት ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት ሥራህ ምንድነው ብዬ ልንገራቸው አለኝ። ነገርኩት፤ ደመናውንም፣ ኮንቴነሩንም፣ ክላስተሩንም፣ ራሱ መክፈት መዝጋቱንም። ገና አጋማሽ ሳልደርስ «ወንድሜዋ፣ በቃ ገብቶኛል፣ አብሽር» አለኝ። ልምከራችሁ፦ ገብቶኛል የሚል ሽማግሌ አትላኩ።

እኔ ነቀምቴ ቀረሁ፤ አግቢ አብሮ አይሄድም። ከቢሮ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ቢሮ ስመላለስ ዋልኩ። የአርጆ መኪና በገባ ቁጥር የሚወርደውን ሰው ፊት አያለሁ። በመጨረሻ አጎቴ እንድሪስ ወረደ። ጥምጣሙ ተፈቷል፣ አላስተካከለውም። ሰላም ሳይለኝ ምን አለኝ መሰላችሁ? «አንተ ልጅ፣ ሰው እንዴት ሥራውን በገዛ እጁ ያጠፋል?» አለኝ።

እንደ ነገረኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነበር። የለሊሴ አባት ኦቦ ፈይሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ የግብርና ባለሙያ ሆነው ገበሬ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው፣ አስቀምጠው፣ የዘርም የሃይማኖትም ጥያቄ ሳያነሡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ጉርባን ማል ሆጄታ?» አሉ፤ ልጁ ምን ይሠራል ማለታቸው ነው። አጎቴም ጉሮሮውን ጠርጎ ኮንቴነሮች አሉት አለ።

ኦቦ ፈይሳ ፊታቸው ተከፋ። መንገድ ዳር ያለ ኮንቴነር መንገድ ሊሰፋ ነው እየተባለ እየተነሣ አይደለም ወይ፣ ልጄን ለሚነሣ ኮንቴነር ልስጥ ወይ አሉ። አጎቴ የዋዛ ነው? የሱ አይነሡም፣ የሱ ያሉት ደመና ላይ ነው አለ። ኦቦ ፈይሳ በአማርኛ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አጎቴ ግን አልሳቀም። ኧረ በክላስተር ነው ያሉት አለ። ክላስተር ሲባል የጡረተኛው የግብርና ባለሙያ ዓይን በራ። የተያያዙ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ፣ የተያያዙ ናቸው ተባለ። ስንት ናቸው ብለው ጠየቁ። ሲያስፈልግ ይበዛሉ፣ ሲበቃ ይቀንሳሉ አለ አጎቴ፣ እኔ የነገርኩትን አንድ ቃል ሳያዛንፍ። ይሄኔ አንደኛው ሽማግሌ ሳል ያዘው።

ኦቦ ፈይሳ ግን አልለቀቁም። እነዚህን ኮንቴነሮች ማን ይከፍታቸዋል፣ ማንስ ይዘጋቸዋል አሉ። አጎቴ የሚጠብቀው ጥያቄ ይሄ ነበር። ደረቱን ነፍቶ ድሮ ልጃችን ራሱ ይከፍት ይዘጋ ነበር፣ አሁን ግን በጥበቡ ራሳቸው እንዲከፈቱ ራሳቸው እንዲዘጉ አድርጓል፣ እጁንም አያነሣም አለ። ኦቦ ፈይሳ ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አይተው፣ እንግዲያው ልጁ ምን ይሠራል አሉ።

አጎቴ እንድሪስ ጥምጣሙን መፍታት ጀመረ።

«ሆጂ ሂንቀቡ» አሉ ኦቦ ፈይሳ። ሥራ የለውም። ልጄ ሠራተኛ ናት፣ ለሥራ ፈት አልሰጥም፤ ደግሞም በሰው ወሬ ፈረደ እንዳልባል ቅዳሜ ለገበያ ነቀምቴ እመጣለሁና በዓይኔ ልየው፣ ሥራ ካለው ያኔ እንነጋገራለን ብለው ሸኟቸው።

እስከ ቅዳሜ ድረስ እንዴት እንደሰነበትኩ አትጠይቁኝ። ያቺን ልጅ አጣኋት እያልኩ ስቀመጥ እነሣለሁ፣ ስነሣ እቀመጣለሁ። ለሊሴ ደውላ፣ አባቴን ብልሃትህን አታሳየው፣ ሥራህን አሳየው አለችኝ። ልዩነቱ ምንድነው ብላት፣ አባቴ ሰው የሚመዝነው በላብ ነው አለች። አልሰማኋትም። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው፦ የተኛውን ክላስተር ፊታቸው አስነሣለሁ፣ ኮንቴነሮቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሲሆኑ አፋቸውን ይይዛሉ፣ ለእንዲህ ያለ ሊቅ ልጄን መስጠት ሲያንስ ነው ይላሉ። ሰው ሊዋረድ ሲል አስቀድሞ ጭብጨባ ይሰማዋል።

ቅዳሜ ደረሰ። ኦቦ ፈይሳ ጃንጥላቸውን ተደግፈው፣ አጎቴ እንድሪስ ከኋላቸው፣ ደረጃውን ወጥተው ገቡ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ጤና ጠይቀን ስንጨርስ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ሁሉም ነገር ግራጫ ነው። «ኩኒ ማሊ?» አሉ፣ ይሄ ምንድነው ማለታቸው ነው። ኮንቴነሮቹ ናቸው፣ ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ተዘግተዋል አልኩ።

ሰውዬው ደነገጡ። በመስኮት በኩል የገበያው ጫጫታ ይሰማል፤ በግ ይጮኻል፣ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል። በቅዳሜ ገበያ ኮንቴነር ይዘጋል ወይ፣ አንድ ሱቅ ከቅዳሜ በቀር መቼ ይሸጣል ብለው ወደ አጎቴ ዞሩ። አጎቴ ወደኔ ዞረ። እኔም እንደዚያ ዓይነት ኮንቴነር አይደለም፣ አሁን እከፍተዋለሁ፣ ይዩ አልኩና ትእዛዙን ሰጠሁ።

ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንዱ አረንጓዴ ሆነ። ሌላው ተከተለ። ሌላው ደግሞ። «በነሜ» አሉ ኦቦ ፈይሳ አንገታቸውን አስግገው፤ ተከፈተ። እኔ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። ስለ ጥበቤ ልናገር አፌን ልከፍት ስል አረንጓዴው ሁሉ ባንድ ጊዜ ግራጫ ሆነ። «ጩፈሜ» አሉ፤ ተዘጋ።

ኔትወርክ ነው ብዬ እንደገና ከፈትኩ። በነሜ። ጩፈሜ። ኮቴን አወለቅኩና እንደገና ከፈትኩ። በነሜ፣ አሉ ሰውዬው። ጩፈሜ፣ አሉ ሳልጨርስ። ይሄኔ ነው ጭንቅላቴ የበራልኝ። ጠባቂው! ያለሰዓቱ የተከፈተውን ማን ከፈተው ሳይል የሚዘጋው፣ በገዛ እጄ ያሳደግኩት ጠባቂ! ላቤ በጀርባዬ ወረደ። እሱ እንዳይቀድመኝ ቶሎ ቶሎ እከፍታለሁ፤ እሱ ግን አይደክመው፣ አይርበው፣ አማት አይመጣበት። እጅጌዬን ጠቅልዬ፣ በግንባሬ ላብ ዓይኔ እየተቃጠለ፣ ከራሴ ጋር ግብግብ ያዝኩ።

ስልኬ ጮኸ። አዴ ጫልቱ ናቸው። ድምፃቸው ሲቆጡ ማጉያ አያስፈልገውም። «ያ ይመር! ቅዳሜ የሚከፍተው ማን ነው? ስልኬ እኮ በመልእክት ሊፈነዳ ነው!» ብለው በስሜ ጠርተው ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በኦሮምኛ አደረጉት፣ ኦሮምኛ ለቁጣ ይመቻቸዋል። እንግዳ አለብኝ ልበል? ቅዳሜ ያለፈቃድ እንግዳ አምጥቶ ክላስተር መክፈት ሌላ ጥፋት ነው። እሺ አዴ ጫልቱ፣ እሺ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም፣ ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ፣ እሺ እያልኩ ቆሜ ጎነበስኩ። ስልኩን ስዘጋው ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው በጉ ብቻ ነበር። አጎቴ እንድሪስ ፊቱን በጋቢው ሸፍኗል። እኔም ቁጭ አልኩ። ልደብቃችሁ አልችልም፣ እንባዬ መጥቶ ነበር። ለሊሴ ከእጄ ወጣች፣ በራሴ ጠባቂ ተባረረች፣ አልኩ።

ኦቦ ፈይሳ መነጽራቸውን አውልቀው በጨርቅ ጠረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ይሄን የሚዘጋብህ ማን ነው አሉ። እኔው የሠራሁት ነው አልኩ። ሲያስቸግር የሚያስተካክለውስ አሉ። እኔው ነኝ አልኩ። ሌላ ሰው የለም ወይ አሉ። የለም አልኩ። ይቺ ሴትዮስ ማን ናት አሉ። አለቃዬ ናቸው አልኩ። ሁልጊዜ እንዲህ ትቆጣሃለች ወይ አሉ። ምን እደብቃለሁ፣ ከንግዲህማ የቀረኝ ነገር የለም፣ አዎ ሁልጊዜ አልኩ።

ሰውዬው ወደ አጎቴ ዞሩና ጃንጥላቸውን ወለሉ ላይ መቱት። «ሆጂ ቀባ!» አሉ። ሥራስ አለው! «እናንተ ሽማግሎች ናችሁ ያሳሳታችሁኝ። ራሱ ይከፍታል ራሱ ይዘጋል አላችሁኝ፤ የታለ? ልጁ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሲለፋ በዓይኔ አየሁ። አለቃው ስትጮኽበት በጆሮዬ ሰማሁ። ሥራ የሌለውን ሰው ማን ይቆጣዋል?»

አጎቴ እንድሪስ ጋቢውን ከፊቱ አወረደ። እኔስ ያልኩት ይሄንኑ አይደል እንዴ አለ፣ ወላሂ ብሎ።

አሁን እኔን አስቡኝ። ሊቅነቴ ተሰደበ እኮ! ያ ጠባቂ ቅንጣት ታህል አልተሳሳተም። ዝጋ በተባለበት ቀን ዘጋ፣ አለቃን አላፈረ፣ ለጌታው አላዳላ፤ እንደሱ አሳምሮ የሠራ ነገር ነቀምቴ ውስጥ አልነበረም። ይህን ለሰውዬው ማስረዳት አለብኝ፣ እንዲያውም የተበላሸ ነገር እንደሌለ፣ እኔ ባልኖርም ያለኔ ዓመት እንደሚሠራ መናገር አለብኝ ብዬ «አይ አባባ፣ ነገሩ እንኳ…» ስል፣ አጎቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። የወሎ ገበሬ ተረከዝ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። አፌን ዘጋሁ። በዕድሜዬ በሰዓቱ የዘጋሁት ነገር ቢኖር ያ ነው።

ሠርጉ አርጆ ተደገሰ። መንገዱም እንደ ዕድል ክፍት ነበርና እናቴ መጣች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «ለነገ እንጃ» ሳትል ዋለች። ኦቦ ፈይሳ በሠርጉ ላይ ለዘመድ አዝማዱ ሲያስተዋውቁኝ፣ ይሄ ነው እንግዲህ፣ ምስኪን ከኮንቴነር ጋር ሲታገል የሚውለው አሉ። ሰው ሁሉ ከልቡ አዘነልኝ፣ አንዷ አክስት እጄን ይዛ ኮንቴነሩን ለሌላ ሰው አከራየውና እረፍ አለችኝ።

ክላስተሩ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አስቸግሮ አያውቅም። ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ አዴ ጫልቱ እንኳ መቆጣት ረስተዋል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ግን አማቴ ከገበያ መሀል ይደውላሉ። «አካም ጅርታ ጉርባ፣ እንዴት ነህ ልጄ? ዛሬስ ዘጋብህ?» ይላሉ። እኔም ሶፋዬ ላይ እንደተጋደምኩ ትንፋሼን ቁርጥ ቁርጥ አድርጌ «ኧረ ዘጋብኝ አባባ፣ ከጠዋት ጀምሮ እየታገልኩ ነው» እላለሁ። «አይዞህ፣ ገለታ ዋቃዮ» ይላሉ፣ ፈጣሪ ይመስገን ማለታቸው ነው፤ ደስታቸው በስልኩ ውስጥ ያስታውቃል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የተባለው ይሄ ነው።

ለሊሴ ባለፈው ቅዳሜ ይሄን ስትሰማ ሳቀችና፣ በየሳምንቱ ከምትለፋ እሱንም ራሱ እንዲልክላቸው አድርገው፣ ቅዳሜ ሲደርስ «ዘጋብኝ» የሚል መልእክት ይላክ አለችኝ። አልሞክረውም አልኳት። የቀረኝ ሥራ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም በራሱ መሠራት ከጀመረ አባትሽ መጥተው ይወስዱሻል።